ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ



ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 8 የጻፈው አንድ ተአምር ከሌሎቹ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። በቤተ ሳይዳ ሰዎች አንድ ዓይነ ስውር ወደ ኢየሱስ አምጥተው እንዲዳስሰው ለመኑት። ጌታም ሰውየውን እጁን ይዞ ከመንደሩ ወደ ውጭ አወጣው፤ ዓይኖቹን በምራቁ ነካ፤ እጁንም ጫነበት። ከዚያም ወዲያው አላሰናበተውም፤ የሚታየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሰውየው የመለሰው በሐቀኝነት ነው፤ ሰዎች ይታዩታል፣ ነገር ግን እንደሚንቀሳቀሱ ዛፎች ሆነው ነው። ጌታም እጁን ለሁለተኛ ጊዜ ጫነበት። ሰውየው ሁሉን አጥርቶ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬያለሁ። በዘርዐ ክህነት እንደ ተማርነው፣ የደቀ መዛሙርት እምነት ቀስ በቀስ እንደሚበራ የሚያሳይ ነው እያልኩ አስተምር ነበር። ትርጓሜው ዛሬም ትክክል ነው። አሁን ግን ዓይኔ የሚያርፈው በሁለቱ እጅ መጫኖች መካከል ባለው ጥያቄ ላይ ነው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ጠየቀ፤ የታመመው ሰው የሚሰማውን ከራሱ መስማት ፈለገ። ፈውሱ በግማሽ የቀረውን ሰው «በል እንግዲህ ድነሃል» ብሎ አልሸኘውም።

ዛሬ ላነሣላችሁ የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚኖር ሰው በቫይረስ ታሞ፣ ትኩሳቱ በርዶለት፣ ከአልጋው ከተነሣ በኋላ «እንደ ቀድሞው ነውን?» ብሎ የሚጠይቅለት ማን ነው?

ጉዳዩ ሩቅ መስሎ እንዳይታያችሁ። በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙዎቻችሁ በሰው ቤት ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ትንከባከባላችሁ። ከእናንተም መካከል ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚኖር ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በአገር ቤት ያላችሁ አላችሁ።

ኮቪድ-19 በየቤቱ ከገባበት ዘመን በኋላ አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ ልታናግረኝ ቆየች። ታሪኳን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ያለችበትን ከተማ ግን አልጠቅስም። በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ቤት የ24 ዓመት ወጣት አለ፤ ከዳውን ሲንድሮም ጋር ይኖራል። ወደ ቤቱ ስትገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በየቀኑ ለምሳ ሳህኖቹን በጠረጴዛው ላይ የሚደረድረው እርሱ ነው፤ እየደረደረም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። የአማርኛ ቁጥር እስከ አሥር ያስተማረችው እርሷ ናት።

ወረርሽኙ ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ወጣቱ ስድስት ቀን አተኮሰው፤ ሳለ፤ ከዚያም ተሻለው። የቤቱ ሰዎች ሁሉ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እርሱ ግን አልተመለሰም። ሁለት ወር አልፎ ሳህኖቹን መደርደር ተወ። ደረጃውን ሲወጣ መካከል ላይ ይቀመጣል። ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሌሊት በድንገት ይባንናል። ንግግሩም አነሰ። እኅታችን ይህን ለማዳም ስትነግራት «እርሱ እኮ ተፈጥሮው ነው» የሚል መልስ አገኘች። ያዩት ሐኪምም ጥቂት ደቂቃ ተመልክተው እንዲህ ባሉ ሰዎች የተለመደ ነው ብለው ሸኙት።

«አባ» አለችኝ፤ «እርሱ እንዲህ አልነበረም። እኔ አውቀዋለሁ። ግን እኔ ማን ነኝ?»

ያን ጊዜ የመለስኩላትን ብነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን መንገር ይገባኛል። «ልጄ፣ ታገሺ፤ ጸልይለት፤ እግዚአብሔር ያያል» አልኳት። ባርኬም ሸኘኋት። ቃላቱ ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ጥያቄዋን አልሰማሁም። እኔም በልቤ እንደ ሌሎቹ «ተፈጥሮው ይሆናል» ብዬ ነበር።

እርሷ ግን እኔ ያልመከርኳትን አደረገች። ትንሽ ደብተር ገዝታ በየቀኑ ያየችውን ጻፈች፤ ዛሬ ሳህን አልነካም፤ ዛሬ በስንተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ዛሬ ስንት ሰዓት ተኛ፤ ሲተኛ ትንፋሹ ተቋርጦ ምን ያህል ቆየ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ለቤቱ ትልቋ ልጅ አሳየቻት። በስልኳ ያስቀረችውን የቀድሞ ቪዲዮም አብራ አሳየቻት፤ ወጣቱ በልደት ቀን ሲጨፍርና ሲዘፍን ይታይበታል። ልጅቱ ቪዲዮውን አይታ አለቀሰች። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለ መጣ ማንም አላስተዋለውም ነበር።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። እኒህ ሐኪም ደብተሩን በትርጉም አስነብበው ከጨረሱ በኋላ የደም ምርመራ፣ የልብ አልትራሳውንድና የሌሊት እንቅልፍ ምርመራ አዘዙ። የታይሮይድ ዕጢው ሥራ አንሶ ተገኘ፤ በእንቅልፉም ትንፋሹ ደጋግሞ ይቋረጥ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ ውስጥ ቫይረሱ ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ፣ ቀድሞ ተደብቆ ኖሮ ሕመሙ የገለጠው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መናገር እንደማይቻል በሐቀኝነት ነገሯቸው። ሁለቱም ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነበሩ። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒንና ሌሊት ትንፋሽ የሚረዳ መሣሪያ ታዘዘለት። ከወራት በኋላ ሳህኖቹን መደርደር ጀመረ። ሁሉም ነገር አልተመለሰም፤ ከቃላቱ አንዳንዶቹ እንደ ጠፉ ቀርተዋል፤ ደረጃውንም እያረፈ ነው የሚወጣው። ቢሆንም ዛሬ ይቆጥራል።

ስም ጥላ ሲሆን

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ነገር ይህ ነው፦ የሰው ጉዳት ስም በሰውየው ላይ እንደ ጥላ ሊያርፍና ሕመሙን ሊሸፍን ይችላል። ሌላ ወጣት በድንገት መናገር ቢያቆም ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚኖር ወጣት መናገር ቢያቆም ግን «ተፈጥሮው ነው» ይባላል። ይህን አደጋ ሐኪሞች ራሳቸው ያውቁታል፤ በሙያቸውም ስለ እርሱ ያስጠነቅቃሉ። እኔ ደግሞ እንደ ካህን እላለሁ፦ ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው። ሰውን በስሙ ሳይሆን በጉዳቱ ብቻ የምናውቀው ከሆነ፣ ገና አላየነውም፤ እንደ ቤተ ሳይዳው ሰው ዛፍ እንጂ ሰው አልታየንም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው አይደለም። እኛ ነን የምንደብቅበት።

በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ደወል

ጉዳዩን በማስተዋል እንድትይዙት ጥቂት የሕክምና እውቀት ያስፈልጋል። ዳውን ሲንድሮም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። አብዛኛው ሰው በሕዋሳቱ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚወለድ ሰው ግን 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ስለሚሆን፣ ብዙውን ጊዜ 47 ይኖሩታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ ከ1,000 እስከ 1,100 ከሚሆኑ ሕያው ልደቶች መካከል አንዱ እንዲህ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የሠራችው ወይም ያልሠራችው ነገር አያመጣውም።

ይህ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ሰውነት ቫይረስን የሚመክትበትን መንገድም ይለውጣል። ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ ኢንተርፌሮን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንደ አደጋ ደወል ሆነው ሕዋሳትን ያስጠነቅቃሉ። ደወሉን የሚሰሙ ጆሮዎች በሕዋሳት ላይ ያሉ ተቀባዮች ናቸው። እነዚህን ተቀባዮች ከሚሠሩት ስድስት ዘረመሎች መካከል አራቱ የሚገኙት በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ባለው ሰው ዘንድ ጆሮው ይበዛል። በአሜሪካ በኮሎራዶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ በእነዚህ ሰዎች ሕዋሳት ውስጥ የኢንተርፌሮን ምላሽ ቫይረስ በሌለበት ጊዜም ከፍ ብሎ ይገኛል። ደወሉ ዝም አይልም ማለት ነው። ሰውነት ሁልጊዜ ደወል እየሰማ መኖር ስለማይችል ያፍነዋል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ እውነተኛ ጠላት ሲመጣ ምላሹ የሚዛባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ይጨመራሉ። ከዳውን ሲንድሮም ጋር ከሚወለዱ ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የልብ አፈጣጠር ችግር አለባቸው። የመተንፈሻ መንገዳቸው ጠባብ፣ ጡንቻቸውም ልል ስለሚሆን ጉንፋን መሰል ቫይረሶች ወደ ሳንባ በቀላሉ ይወርዱባቸዋል። በኮቪድ-19 ዘመን በእንግሊዝ አገር ከ8 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት ከዳውን ሲንድሮም ጋር በሚኖሩ አዋቂዎች ዘንድ በኮቪድ የመሞት አደጋ፣ ዕድሜና ሌሎች ሕመሞች ከግምት ገብተው እንኳ፣ ከሌላው ሰው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ክትባት ለእነዚህ ወገኖቻችን እጅግ አስፈላጊ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትርጉም መሠረት፣ ከኮቪድ በኋላ የሚቆይ ሕመም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ከጀመረ በሦስት ወር የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ ምክንያት የማይብራራ ምልክት ነው። ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የአእምሮ መደንገዝ ናቸው። ልብ በሉ! እነዚህ ሁሉ ታማሚው በአፉ ተናግሮ የሚገልጣቸው ናቸው። «ደከመኝ»፣ «ትንፋሼ ያጥረኛል»፣ «አሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ» ማለት የማይችል ሰውስ? እርሱ ድካሙን በደረጃው መካከል በመቀመጥ ይናገራል። ሕመሙን በቁጣ ወይም በዝምታ ይናገራል። የሚወደውን ሥራ በመተው ይናገራል። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ከሌለ ንግግሩ ሁሉ «ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ ይተረጎማል።

«ተፈጥሮው ነው» የሚለው ቃል ጉዳቱ የት ላይ እንደ ሆነ ደግሞ ተመልከቱ። ከቫይረስ ሕመም በኋላ ለሚታይ ድካምና ለውጥ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል የደም ምርመራ ያሳየዋል፤ ክኒን ያክመዋል። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም መሣሪያ አለው። ልብ ወይም ሳንባ ሊሆን ይችላል። የጆሮ መደፈን ሊሆን ይችላል፤ ሳይሰማ የቀረ ሰው ያልገባው ይመስላል። ኀዘን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ወረርሽኝ አያቱን ያጣ፣ ከማእከሉና ከጓደኞቹ የተለየ ወጣት ኀዘኑን በቃል ስላልነገረን አላዘነም ማለት አይደለም። በወጣትነት ዕድሜ በሳምንታት ውስጥ ንግግርንና የለመዱትን ሥራ የሚያሳጣ፣ ልዩ ክትትል የሚሻ ችግርም አለ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ ለአልዛይመር በሽታ የሚያጋልጥ አንድ ዘረመል በዚሁ በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ፣ የመርሳት በሽታ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። የእነዚህ ሁሉ ሕክምና የተለያየ ነው። «ተፈጥሮው ነው» ስንል ግን እነዚህን በሮች ሁሉ በአንድ ቃል እንዘጋቸዋለን።

እናንተ ምስክሮች ናችሁ

«እኔ ማን ነኝ?» ብላ ለጠየቀችኝ እኅት ያን ቀን ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። አንቺ ምስክር ነሽ። ከእርሱ ጋር የምትውዪ፣ የምታበዪ፣ የምታለብሺ፣ ትናንት ምን እንደ ነበረ የምታውቂ ነሽ። ሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ ወላጆቹ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ያዩታል፤ አንቺ ግን ሙሉ ቀን ታዪዋለሽ። እንደ ቤተ ሳይዳው ሰው «ምን ይታይሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ለማይችል ሰው፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ያን ዓይነ ስውር ወደ ጌታ ያመጡትም ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ነበሩ። ባያመጡት ኖሮ ተአምሩ ባልተነገረ ነበር።

ፍርሃታችሁን አውቃለሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን አድገናል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በአሠሪያችሁ እጅ ባለበት አገር ስለ ቤቱ ልጅ ጤና መናገር «አንቺ ምን አገባሽ?» ሊያስብል እንደሚችልም አልዘነጋም። ስለዚህ ማንም ራሱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ አልመክርም። የምመክረው ጥበብ ያለበትን መንገድ ነው። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ የበሽታ ስም አትስጡ፤ ሳይታዘዝ መድኃኒት አትስጡ። «ታሟል» ከማለት ይልቅ «ከትኩሳቱ በፊት ደረጃውን ሳያርፍ ይወጣ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ይቀመጣል» ማለት ይሻላል፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። ቀኑን ጻፉ። ከቤቱ ሰዎች መካከል ጆሮ ያለውን ምረጡ፤ አያት ወይም ታላቅ እኅት ልትሆን ትችላለች። ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ መብላትና መጠጣት ሲቆም፣ ወይም ሰው በድንገት መራመድ ሲያቅተው ግን ጊዜ መምረጥ የለም፤ በዚያው ሰዓት ተናገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጥላ ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። በዚያው ወረርሽኝ ታማችሁ፣ ትኩሳቱ በበረደ በማግስቱ መጥረጊያ የያዛችሁ ብዙዎች ናችሁ። ድካሙ ለወራት አልለቅ ሲላችሁ «ሰነፈች» ተባላችሁ። «ሠራተኛ» የሚለው ስም የእናንተን ሕመም እንደ ሸፈነው፣ «ዳውን ሲንድሮም» የሚለውም የዚያን ወጣት ሕመም ሸፈነው። ሳይጠየቅ መቅረት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ለመጠየቅ የተጠራ ነው። ሕመማችሁንም ከእኛ ከካህናቶቻችሁ አትደብቁ፤ እኛም «ታገሺ» ብለን ብቻ እንዳንሸኛችሁ እግዚአብሔር ይርዳን።

በአገር ቤት ላሉት

አሁን ደግሞ በአገር ቤት ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ላላችሁ ልናገር። በሳምንት አንድ ጊዜ ስትደውሉ «ደኅና ነው?» ትላላችሁ፤ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል። ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። «ዛሬ ምን ሠራ? ምን በላ? ከማን ጋር ተጫወተ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቪዲዮ ደውላችሁ ራሱን አነጋግሩት፤ ፊቱን እዩት። ጉንፋን ወይም የሳንባ ምች ይዞት ከነበረ፣ ከወርና ከሁለት ወር በኋላ ደግማችሁ ጠይቁ። የምትልኩት ገንዘብ ለትኩሳቱ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ለልቡ፣ ለጆሮውና ለታይሮይዱ ምርመራም ይዋል። ሳይታመምም ቢሆን የታይሮይድ ምርመራ በየዓመቱ እንዲደረግ ሐኪሞች ይመክራሉ።

በአንዳንድ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ጎረቤት «የማን ኃጢአት ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ ይፈራል። ይህን ጥያቄ ደቀ መዛሙርትም ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ለጌታ አቅርበውት ነበር፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ጌታ ኃጢአቱ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው። ጓዳ ውስጥ ያለ ልጅ ሕመሙም ጓዳ ውስጥ ይቀራል። ማንም ሳያየው የከበደ ሕመም፣ ማንም ሳይጠይቀው ያለፈ ሞት አለ።

«ጸበል ወስደነዋል፤ ጸልየንለታል» የሚሉም አሉ። ጸሎቱን አታቋርጡ። ምሥጢረ ቀንዲልም ለታመሙት የተሰጠ የቤተ ክርስቲያን ጸጋ ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ታማሚው እንዲጸልይ ካስተማረ በኋላ ለሐኪሙም ቦታ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሐኪሙንም ከምድር የሚገኘውን መድኃኒትም የፈጠረ አንዱ እግዚአብሔር ነውና። ጸሎትና ሐኪም ቤት ተፎካካሪዎች አይደሉም።

ከቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ከማርት ጎቲዬና ከሬሞን ቱርፓን ጋር የዳውን ሲንድሮም ምክንያት ተጨማሪው 21ኛ ክሮሞዞም መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ አሳተመ። ያ ግኝት ብዙ እናቶችን ከሐሰት ክስ ነጻ አወጣ፤ ጥፋት እንደሌለባቸው በማይክሮስኮፕ ታየ። ለዠን ግን ምክንያቱን በማወቅ አልተወሰነም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እነዚህን ልጆች ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በትንሣኤ በዓል ዕለት ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያንም በ2021 «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ ሰጠችው። ክሮሞዞምን በማይክሮስኮፕ ያየ ሊቅ ልጆቹን አንድ በአንድ ያይ ነበር። እኛ ማይክሮስኮፕ የለንም፤ ዓይን ግን አለን።

በበለጸጉ አገሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚወለድ ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ይህ ለውጥ የመጣው ልባቸው ስለ ታከመ፣ ሳንባቸው ስለ ታየ፣ «ተፈጥሮው ነው» ማለትን እንቢ ያሉ ወላጆች፣ ሐኪሞችና ተንከባካቢዎች ስለ ነበሩ ነው። የተጨመረው እያንዳንዱ ዓመት አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የጠየቀበት ዓመት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት በምትሠሩበት ቤት ወይም በስልክ መስመር በዚያኛው ጫፍ ያለውን እንዲህ ያለ ሰው አስቡ። ባለፈው ክረምት ታሞ ከነበረ፣ «ድኗል» ከማለታችሁ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ተመልከቱት፤ ከመታመሙ በፊት ይሠራው የነበረውን ዛሬ ይሠራው እንደ ሆነ እዩ። ያያችሁትንም ለሚሰማ ሰው ንገሩ። የሚሰማ ካጣችሁ ወደ እኛ ኑ። በዚህ ጊዜ ደብተራችሁን አብሬ እንደማነብ ቃል እገባላችኋለሁ።

ጌታ ሆይ፤ በቤተ ሳይዳ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዘህ ያወጣህ፣ ምን እንደሚታየውም የጠየቅህ አንተ ነህ። መናገር ያልቻሉትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እጃቸውን ያዝ። ለእኛም ለሁለተኛ ጊዜ ዓይናችንን ዳስስ፤ ሰውን እንደ ዛፍ ሳይሆን እንደ ሰው እንድናይ። በሰው አገር የሌላውን ልጅ በፍቅር የሚጠብቁትን ልጆችህን ጠብቃቸው፤ በአገር ቤት የተዉአቸውንም አንተ ጠብቅላቸው። አሜን።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችሁ ጋር ይሁን።